ጥሩ የሚበር ጄት ለምን ሳይመረት ይቀራል?

ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ባለች አንዲት የጀበና ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ ዱካ ላይ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍተው ይከራከራሉ። አንደኛው «ዋይኤፍ-23 እኮ ከኤፍ-22 ይሻል ነበር፤ በፖለቲካ ነው የጣሉት» ይላል። ሌላው ደግሞ «የሚሻል ከሆነ ለምን ይጥሉታል?» ይለዋል። ሁለተኛ ቡናቸውን የያዙ አንድ አዛውንት ዝም ብለው ሲያዳምጧቸው ቆዩና «ልጄ፣ መለዋወጫውን ማን ይሰጥሃል?» አሉ።

እኚህ አዛውንት፣ ጋሼ ልበላቸው፣ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ቴክኒሺያን እንደነበሩ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወጣቶቹ የያዙት ክርክር፣ ማለትም አሜሪካ ተዋጊ ጄት ስታወዳድር ኤፍ-22ን መርጣ ዋይኤፍ-23ን ለምን ጣለች የሚለው፣ የእነሱ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በማርች 2025 ኤፍ-47 የተባለውን አዲስ ጄት ቦይንግ እንዲሠራው መምረጧን ካስታወቀች ወዲህ፣ «እነዚያ የተጣሉት የተሻሉት ጄቶችስ?» የሚለው ወሬ እንደገና ተነሥቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሤራ ውስጥ የተደበቀ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ተሠራ» ማለት «ተመረተ» ማለት ነው?

አይደለም፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ንድፍ አለ። ከንድፉ አንድ ወይም ሁለት የሙከራ አውሮፕላን ይሠራል፤ ፕሮቶታይፕ የሚባለው ይህ ነው። ፕሮቶታይፕ በአብዛኛው በእጅ የተሠራ ነው፤ ሐሳቡ በአየር ላይ ይቆም እንደሆነ ማሳያ ነው። አንዳንዱ ራዳር የለውም፣ አንዳንዱ ሚሳኤል አይተኩስም። ምርት ግን ሌላ ዓለም ነው። ፋብሪካው ይደራጃል፣ ብሎን አቅራቢው ሳይቀር ውል ይፈርማል፣ የጥገና መጽሐፍ ይጻፋል፣ የአብራሪና የቴክኒሺያን ሥልጠና ይከፈታል፣ የመለዋወጫ መጋዘን ይሞላል።

ልብስ ሰፊን አስቡ። ለአንድ ሙሽራ ሱፍ ሲሰፋ እየለካ፣ እየፈታ፣ እንደገና እየሰፋ ያምርለታል። ያንኑ ሱፍ ለ500 ሰው፣ በአንድ ልክና በአንድ ጥራት፣ በቁርጥ ዋጋ አስረክብ ቢሉት ግን የሚፈለግበት ሙያ ሌላ ነው። ሰማይ ላይ አይተን የምናደንቀው የሙሽራውን ሱፍ ነው። አየር ኃይሎች የሚገዙት ደግሞ 500ውን ነው።

ኤፍ-20 ምን ጎደለው?

ታሪኩን ለማስረዳት ከሁሉ የሚቀርበን ጄት ኤፍ-20 ነው፤ ምክንያቱም የኤፍ-5 ልጅ ነው። ኤፍ-5ን ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወረን አብራሪዎቻችን በኦጋዴን ሰማይ ላይ ሚግ-21 እና ሚግ-17 የጣሉበት ጄት ነው። ሠሪው የአሜሪካው ኖርዝሮፕ ሲሆን፣ ትንሽና ለጥገና የሚመች ስለነበር ከ2,000 በላይ ተመርቶ ብዙ አገር ገብቷል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ሲኒያቸውን አጋድመው በሁለት ጣት ከኋላው አንድ ነገር የሚስቡ መስለው አሳዩኝ። «ጅራቱን ፈትተህ ታነሣዋለህ። ሁለቱ ሞተሮች ቁልጭ ብለው ይታዩሃል። ስበህ ማውጣት ነው።»

ኖርዝሮፕ ይህንኑ ጄት እንደገና አሳደገው። ሁለቱን ትናንሽ ጄ-85 ሞተሮች አውጥቶ ኤፍ-404 የተባለ አንድ ብርቱ ሞተር አስገባበት፤ ዘመናዊ ራዳርም ገጠመለት። ኤፍ-20 ታይገርሻርክ ተብሎ በኦገስት 1982 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ይደርስ ነበር። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከመሬት መነሣት ይችላል ይባልለትም ነበር። የድምፅን ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰው ታዋቂው አብራሪ ቻክ የገር ሳይቀር በአደባባይ አወድሶታል።

ፎቶውን በአንደኛው ወጣት ስልክ ላይ ለጋሼ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት፣ የኋላውን በጣታቸው አሰፉት። «አንድ ብቻ?» አሉ የሞተሩን ማስወጫ እያዩ።

ታዲያ ምን ነካው? ኤፍ-20 የተጸነሰው አንድ ፖሊሲ ላይ ተመሥርቶ ነበር። የፕሬዚዳንት ካርተር አስተዳደር ምርጦቹ የአሜሪካ ጄቶች ለውጭ አገር እንዳይሸጡ ገድቦ፣ ለወዳጅ አገሮች ለውጭ ገበያ ብቻ የታሰበ መካከለኛ ጄት ይሠራ አለ። መንግሥት ግን ለሥራው በጀት አልመደበም፤ ኩባንያዎች በራሳቸው ገንዘብ ይግቡበት ተባለ። ኖርዝሮፕ ገባ። ሬጋን በ1981 ሥልጣን ሲይዙ ገደቡ ላላና ከምርጦቹ ጄቶች አንዱ የሆነው ኤፍ-16 ራሱ ለፓኪስታንና ለቬኔዙዌላ መሸጥ ጀመረ። ዋናውን ማግኘት የሚችል አገር መካከለኛውን ለምን ይፈልጋል? ተስፋ የተጣለባት ታይዋንም ብትሆን፣ አሜሪካ ከቻይና ጋር ያላትን ግንኙነት ላለማሻከር በ1982 ሽያጩን ስለከለከለች ሳትገዛ ቀረች። የኖርዝሮፕ የገዢዎች ዝርዝር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነ።

በዚህ ላይ ሐዘን ተጨመረ። ከተሠሩት ሦስት ጄቶች ሁለቱ ተከሰከሱ፤ አንዱ በ1984 ደቡብ ኮሪያ፣ አንዱ በ1985 ካናዳ፣ ሁለቱም ለትርኢት ሲበርሩና ሲለማመዱ። ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ምርመራው በጄቱ ላይ ጥፋት አላገኘም። ጄት በኃይል ሲታጠፍ የሰው አካል በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ደም ከራስ ወደ እግር ይሸሻል፤ አብራሪው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ሁለቱንም አብራሪዎች ያጋጠማቸው ይህ ነው ተብሏል። ጄቱ ከአብራሪው አቅም በላይ ብርቱ ሆኖ መገኘቱ ለእኔ የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ነው።

የመጨረሻው ተስፋ የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ ነበር። ለአገር ውስጥ የአየር መከላከያ ጄት ሲፈልግ ኤፍ-20ም ቀረበ። አየር ኃይሉ በ1986 መጨረሻ በእጁ ያሉትን ኤፍ-16ዎች አሻሽሎ መጠቀምን መረጠ፤ ኖርዝሮፕም በዚያው ኖቬምበር ሥራውን አቆመ። ከራሱ ካዝና 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ አንድም አልሸጠም።

ሌሎች አገሮች ራሳቸው ለምን አልገዙትም?

ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የዞረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው «ስንት ይሮጣል?» ከማለቱ በፊት «ዕቃው ይገኛል ወይ?» ይላል። ቶዮታ ከተማውን የሞላው ከመኪና ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። በየሰፈሩ የሚያውቀው መካኒክ አለ፤ አዲሱ ዕቃ ቢወደድ አሮጌው ተፈትቶ ይገኛል፤ ልሽጠው ቢሉም ገዢ አለው። ስሙን ማንም የማያውቀው ግሩም መኪና ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲቆም የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ጄት 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል። የሠሪው አገር አየር ኃይል ራሱ የሚበርበት ከሆነ መጋዘኑ አይዘጋም፣ ማሻሻያው አይቋረጥም፣ ዋጋውም በብዛቱ ይረክሳል። ኤፍ-16 ይህ ሁሉ ነበረው። ኤፍ-20 አልነበረውም። «አሜሪካ ለራሷ ያልፈለገችውን እኔ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ የኩራት ብቻ ሳይሆን የመለዋወጫም ጥያቄ ነው።

የጋሼ ጥያቄ የመጣውም ከዚህ ነው። በ1977 ኢትዮጵያና አሜሪካ ሲቆራረጡ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ አቅርቦት ቆመ፤ አገሪቱ ወደ ሶቪየት ሚጎች ዞረች። የኤፍ-5 ብቃት በአንድ ሌሊት አልቀነሰም፤ የደረቀው ከኋላው የነበረው ምንጭ ነው። «ጄቱ ደህና ነው» አሉ ጋሼ። «አንዲት የላስቲክ ቀለበት ጠፍታ ግን ከሃንጋር አይወጣም። ያቺን ቀለበት ጠብቀህ ታውቃለህ?»

ዋይኤፍ-23 በእርግጥ ይሻል ነበር?

በአንዳንድ ነገር አዎ። ኤፍ-22ን ያስገኘው ውድድር ሁለት ቡድኖችን ያፋለመ ነበር፦ የሎክሂድ ቡድን ዋይኤፍ-22ን፣ ኖርዝሮፕና ማክዶኔል ዳግላስ ዋይኤፍ-23ን አቀረቡ። ሁለቱም በ1990 በረሩ። ዋይኤፍ-23 በፍጥነትና ከራዳር በመሰወር ይበልጥ ነበር የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ዋይኤፍ-22 በበኩሉ የሞተሩን ማስወጫ ወደ ላይና ወደ ታች እያጠፈ በዝግታም ሳለ አፍንጫውን እንደልቡ ያዞር ነበር፤ በሙከራው ወቅትም ሚሳኤሎች ተኩሶ አሳይቷል። ዋይኤፍ-23 አልተኮሰም።

ውጤቱ በኤፕሪል 23 ቀን 1991 ተነገረ። የአየር ኃይሉ ሲቪል ኃላፊ ዶናልድ ራይስ በዚያን ጊዜ እንዳስረዱት፣ በመሰወርም ሆነ በመተጣጠፍ አንዱ ከሌላው ጎልቶ አልበለጠም። ሚዛኑን የደፋው ቡድኑና ሞተር ሠሪው በገቡት ዋጋ ማስረከብ ይችላሉ የሚለው እምነት ነው።

የግንባታ ጨረታ የተከታተለ ሰው ይህ አይገርመውም። ተጫራቹ ውብ ሞዴል ቤት ሠርቶ ቢያሳይም የሚመዘነው በሰነዱ ነው፤ ስንት ቤት፣ በስንት ጊዜ፣ በስንት ብር፣ ከዚህ በፊትስ ምን አስረክቧል? የጄት ውድድርም እንደዚያው ነው። የሚመረጠው ሰማይ ላይ የታየው ፕሮቶታይፕ ሳይሆን በሺህ በሚቆጠር ገጽ የተጻፈው የነገው ጄት ነው። ቪዲዮ የሚያሳየን ፕሮቶታይፑን ብቻ ስለሆነ ውሳኔው ግፍ ይመስለናል። ፖለቲካ የለበትም አልልም፤ ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ሁሉ ፖለቲካ አለ። ሆኖም ውሳኔውን ለመረዳት ሤራ መፈለግ አያሻም።

ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ለምን ያቆሙታል?

የሠርግ ድግስን ሒሳብ እናስብ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የወጥ ሠሪዎቹ ክፍያ 50 እንግዳ ቢመጣም 500 ቢመጣም ያው ነው። 500 ሲመጣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወጪ ትንሽ ነው፤ 50 ሲመጣ ግን ያቺ አንዲት ሳህን ወርቅ ትሆናለች። ለጄት ድንኳኑ ምርምሩና ፋብሪካው ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ለምርምር 10 ቢሊዮን ዶላር ቢወጣና 500 ጄት ቢመረት በእያንዳንዱ ላይ 20 ሚሊዮን ይደመራል። ቁጥሩ ወደ 100 ቢወርድ 100 ሚሊዮን ይደመራል። ጄቱ ሲወደድ ገዢው ቁጥር ይቀንሳል፤ ቁጥር ሲቀንስ ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። አሸናፊው ኤፍ-22 እንኳ ከዚህ አዙሪት አላመለጠም፤ መጀመሪያ 750 ታስቦ ለአገልግሎት የዋለው 187 ብቻ ነው።

የካናዳው አቭሮ አሮው በዚህ አዙሪት የሞተ ነው። ከሰሜን ዋልታ በኩል የሚመጡ የሶቪየት ቦምብ ጣዮችን ለመጥለፍ የተሠራ፣ በዘመኑ ከዓለም ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ለሕዝብ የታየው በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ያመጠቀችውም በዚያው ዕለት። አደጋው ከቦምብ ጣይ ወደ ሚሳኤል እየዞረ መሆኑን ዓለም ያወቀው አሮው ከሃንጋር በወጣበት ቀን ነው ማለት ነው። አሜሪካም ሆነች ሌላ አገር አልገዛም አለ፤ ለካናዳ ብቻ የሚያስፈልገው መቶ ገደማ ነበር፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። መንግሥት በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1959 ሰረዘው። በዚያች ዕለተ ዓርብ በአቭሮ 14,000 ያህል ሰው ከሥራ ወጣ። የበረሩት አምስት ጄቶች ሳይቀሩ ተቆራርጠው ብረት ተደረጉ። ከመሐንዲሶቹ በርካቶቹ ናሳ ገብተው ሰውን ወደ ጠፈር በመላክ ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። ካናዳውያን ይህን ቀን ዛሬም በቁጭት ያነሡታል፤ በበኩሌ እረዳቸዋለሁ፤ ከጄቶቹ ይልቅ የሚያስቆጨው የተበተነው ሙያ ነውና።

እስራኤል ደግሞ ላቪ የተባለውን ጄት በዲሴምበር 31 ቀን 1986 አበረረች። ስምንት ወር ሳይሞላው፣ በኦገስት 30 ቀን 1987፣ ካቢኔው ድምፅ ሰጠ፦ ይቁም 12፣ ይቀጥል 11። አንድ ድምፅ ነው የለየው። አብዛኛው ገንዘብ የአሜሪካ እርዳታ ነበር፤ ሞተሩም የአሜሪካ ነበር፤ አሜሪካም በዚያው ገንዘብ ኤፍ-16 መግዛት ይረክሳል ትል ነበር። «ይህን ያህል አውጥተንማ እንዴት እናቆማለን?» የሚለው ክርክር በዚያም ተነሥቷል። እዚሁ መሐል ከተማ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ሳይወርድ ለዓመታት የቆመ ሕንፃ ያለው ሰው የሚያውቀው ጭንቀት ነው። የወጣው ብር ጨርሰውትም ቢያቆሙትም አይመለስም። የሚወሰነው ስላልወጣው ነው፤ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ብር ሌላ ምን ይሠራ ነበር?

የአፍሪካ አገር ሞክሮ ያውቃል?

ግብፅ ሞክራለች። ጀርመናዊው ቪሊ ሜሰርሽሚት በስፔን የጀመረው ቀላል ጄት ወደ ግብፅ ተዛውሮ፣ ኤችኤ-300 ተብሎ በማርች 1964 ካይሮ አጠገብ ሔልዋን ላይ በረረ። የበረረው ግን በእንግሊዝ ሞተር ነው። የራሱ ሞተር በኦስትሪያዊው ፈርዲናንድ ብራንድነር መሪነት እዚያው እየተሠራ ነበር፤ ህንድም ገብታበት በራሷ ጄት ላይ ሞክራዋለች። የጄት ሞተር መሥራት አካሉን ከመሥራት ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ ከብረት መቅለጫ ሙቀት በላይ በሚነድ አየር ውስጥ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ቢላ ሳይቀልጥ መቆየት አለበት። ሥራው በ1969 ተቋረጠ፤ በጊዜው የሶቪየት ሚጎች ተሠርተው ያለቁ፣ በርካሽም የሚገኙ ነበሩ።

የተጣለ ጄት ሞቶ ይቀራል?

ሁልጊዜ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1998 ከሩሲያ የገዛችው ሱኮይ-27 የተወለደው ከተጣለ ንድፍ ነው። ቲ-10 የተባለው የመጀመሪያው ቅርጽ በ1977 በረረ። በስሌት ሲመዘን ግን ከአሜሪካው ኤፍ-15 እንደማይስተካከል ታወቀ። ዋና ንድፍ አውጪው ሚኻኢል ሲሞኖቭ ለምርት ዝግጅት ተጀምሮ ሳለ ከሥሩ እንደ አዲስ እንዲነደፍ አስደረገ። አዲሱ በ1981 በረረ፤ ከመጀመሪያው የተረፈው ጎማውና የአብራሪው መወንጨፊያ ወንበር ነው ይባላል።

የኖርዝሮፕ ሌላ ጄት ዋይኤፍ-17ም በጃንዋሪ 1975 በአሜሪካ አየር ኃይል ውድድር በኤፍ-16 ተሸነፈ። የኤፍ-16 አንዱ ብልጫ ሞተሩ ከኤፍ-15 ጋር አንድ መሆኑ ነበር፤ እንደገና የመለዋወጫ ነገር። ይሁንና በዚያው ዓመት የባሕር ኃይሉ ሁለት ሞተር ያለው ጄት ፈልጎ የተሸነፈውን አነሣው። አሳድገው፣ አጠንክረው ኤፍ/ኤ-18 አደረጉት፤ ዛሬም ከመርከብ ላይ ይነሣል። የዋይኤፍ-17 ሞተርም አድጎ ኤፍ-404 ተባለ፤ ኖርዝሮፕ ኋላ ኤፍ-20 ውስጥ ያስገባው ያንኑ ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ስልኩን እንደያዙ ነበሩ። ፎቶው ላይ ጣታቸውን እንዳሳረፉ «ይኸ ሞተር ታዲያ ዛሬ አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው፤ የህንዱ ቴጃስና የደቡብ ኮሪያው ቲ-50 የሚበሩት በእሱ ነው፤ የስዊድኑ ግሪፐንም ከእሱ በተገኘ ሞተር ለዓመታት በርሯል። ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲያስ ዕቃው ይገኛል» አሉና ስልኩን ለወጣቱ መለሱለት።